ሚስማሩ ላይ የቀረው ኮት

ይህ የደረሰብኝ አገራችን ውስጥ አብዮቱ በፈነዳ በሁለተኛው ዓመት፣ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ስኖር ነው። ሦስት ዓመት አልፎታል። ቁም ሣጥኔን በከፈትኩ ቁጥር ግን ያው ትናንት የሆነ ይመስለኛል።

የምተዳደረው የጽሕፈት መኪና በመጠገን ነው። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ የተጣሉ መኪናዎችን እየፈታሁና እየገጠምኩ ራሴ ለመድኩት። አሠሪዬ ኢኳዶር ላለ አንድ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ መኪናዎች ሸጦ ነበርና፣ በጉዞ የተበላሹትን እንዳስተካክል ለሦስት ቀን ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ኪቶ ላከኝ።

ኪቶ ከፍታ ላይ ያለች፣ ባሕር ዛፍ የሞላባት፣ ጠዋትና ማታ የምትበርድ ከተማ ናት። ያረፍኩት አንዱን ክፍል ለሁለት ሰው በሚያከራይ ርካሽ ማረፊያ ነበር። አብሮኝ የነበረው ሰው እንደኔው ጥቁር፣ ቁመቱም የኔን የሚያህል ነው። ቋንቋ ስላልተግባባን በአንገት ሰላምታ ብቻ ሁለት ቀን ከረምን። ሁለታችንም ግራጫ ኮት ነበረን። ከበሩ ጀርባ ሁለት ሚስማሮች አሉ፤ የኔ ኮት በግራው፣ የሱ በቀኙ ይሰቀላል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነሳ ሰውየው ወጥቷል። የግራው ሚስማር ባዶ ነው። ቀኙ ላይ የቀረውን ኮት ብለብሰው እጅጌው ሁለት ጣት ያህል አጠረኝ። ኪሱ ውስጥ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያና በቀይ ክር የታሰረ ትንሽ ቁልፍ አገኘሁ። ተሳስቶ የኔን ለብሶ እንደሄደ ገባኝ። ፓስፖርቴና ቲኬቴ ሻንጣዬ ውስጥ ስለነበሩ ብዙም አልደነገጥኩ። ከኮቱ ጋር የሄደብኝ የማስታወሻ ደብተሬ ብቻ ነው።

እስከ ረፋድ ጠበቅሁት። አልመጣም። የማረፊያውን ባለቤት በምልክት ብጠይቃት እሷም አታውቅም። አውሮፕላኑ ደግሞ አይጠብቀኝም። ኮቱን ሚስማሩ ላይ ልመልሰው አሰብኩና ብርዱን ፈርቼ ለብሼው ወጣሁ።

መንገድ ላይ አድሬ ሎስ አንጀለስ የገባሁት በማግስቱ ከቀትር በኋላ ነው። የምኖረው ፌርፋክስ ጎዳና አጠገብ፣ ጓደኛዬ ብርሃኑ ጋር ነበር። ስደርስ በራችን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደጃፉ ላይ የማውቃቸው መኪናዎች ተደርድረዋል። ከውስጥ ግን ድምፅ የለም።

ልቤ ወደ እናቴ ሄደ። የኛ ሰው በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዝም ብሎ አንድ ቤት የሚሰበሰበው ለመርዶ ነው። እናቴ ሞታ እኔን እየጠበቁ ነው ብዬ ሻንጣዬን ደጃፉ ላይ ጣልኩት።

ስገባ ሁሉም በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ጧፍ ይበራል። ከጧፉ ኋላ የቆመው ፎቶግራፍ የኔ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ጮኹ። ሌላው ሰው ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም። እትዬ አልማዝ እያማተቡ በብርጭቆ ውሃ ቀዱና ከሩቅ ገፋ አደረጉልኝ።

«እስቲ ጠጣ» አሉኝ።

ጠጣሁ። ስውጥ ሁሉም ጉሮሮዬን ያዩ ነበር።

«ደሬ፣ አንተ ነህ?» አለ ብርሃኑ። «ትናንት ከኪቶ ፖሊስ ኮል አድርጎ መኪና ገጭቶት ሞተ አለን እኮ! ረጅም፣ ጥቁር፣ ግራጫ ኮት የለበሰ። ሶ፣ ማነው የሞተው?»

ሁሉን ነገር በወጉ መያዝ ስለምወድ፣ በማስታወሻ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «አደጋ ቢደርስብኝ» ብዬ ስሜንና የቤታችንን ስልክ በእንግሊዝኛ ጽፌ ነበር።

«እናቴ ሰምታለች?» አልኩ።

በዕድሜ ታላቃችን የሆኑት ጋሼ ተሾመ ከደረት ኪሳቸው የታሸገ ፖስታ አወጡ። «ለአጎትህ ጽፌ ነበር። ትናንት አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ይስጡ ብለው ወጠሩኝ። ሬሳውን ያየ ሰው ሳላገኝ እናት አላስለቅስም ብዬ ያዝኩት።»

ፖስታውን እጄ ላይ አኖሩት። ያን ጊዜ ብርሃኑ ዘሎ አቀፈኝ።

«አንተ ቀጣፊ! ያለቀስኩትን እንባ ትመልሳለህ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እትዬ አልማዝ ግን አልሳቁም። «የለበስከው የማን ነው?» አሉኝ። ስነግራቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አውልቀው፣ ልጄ» አሉ።

በማግስቱ ኪቶ ፖሊስ ጣቢያ ደወልን፤ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው አገናኙን። ሰውየው በኔ ስም ተቀብሯል። በሕይወት መኖሬን ስነግራቸው «ታዲያ እሱ ማነው?» አሉኝ። የማውቀውን ተናገርኩ፦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል፤ ጫማውን አልጋው ሥር አስተካክሎ ያስቀምጣል። ይሄ ስም አይሆንም። ማረፊያውም ስሙን አልመዘገበም። ቁልፉን በፖስታ ላክሁላቸው፤ ፖስታው ሳይከፈት ተመለሰ።

እናቴ ይህን እስከ ዛሬ አታውቅም። እዚያ አገር ግን አንዲት ሌላ እናት መርዶ ሳይደርሳት በር በሩን ታያለች ብዬ አስባለሁ። ኮቱን ሚስማሩ ላይ ትቼው ቢሆን፣ ፈልጎት የመጣ ሰው ያውቀው ነበር። ልጇ በኔ ስም ተኝቷል፤ እሱን የሚያሳውቀው ኮት ደግሞ እኔ ጋ ነው።

ቁልፉን መልሼ ኪሱ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ኮቱን ቁም ሣጥኔ ውስጥ በቀኝ በኩል ሰቅዬዋለሁ። በግራው በኩል ምንም አልሰቅልም።