በብረቱ ቦታ መክተፊያ

የፖሊስ ጣቢያችንን ግምጃ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የያዘችውን ሴት ሁላችንም «እትዬ ቁልፍ» እንላታለን። እኔ መዝገብ ቤት ነኝ፤ በመካከላችን ያለው አንድ የሽቦ መስኮት ብቻ ነው። ምላሷ እሳት ነው፣ ሆዷ ግን ቡቡ። ጉድ የሠራትም ይኸው ሆዷ ነው።

ለአዲስ ፖሊስ ጥይት መከላከያ ስታስረክብ ንግግሯ አይለወጥም፦ «ይሄ ጨርቁ የሽጉጥ ጥይት ያቆምልሃል። ለጠመንጃ ግን ከሸሚዝ አይሻልም። ደረትህና ጀርባህ ላይ ብረቱን ካልከተትክ እኔ የለሁበትም!»

ብረት ይሉታል እንጂ ብረት አይደለም፤ እንደ ሸክላ በእሳት የጠነከረ ወፍራም ሰሌዳ ነው። ክብደቱ ወገብ ይቆርጣል። አዛዣችን ደግሞ ጠዋት ጠዋት የተሰለፉትን ፖሊሶች ደረት በጣቱ ያንኳኳና ቋ ካለ «ሂድ» ይላል። ፍተሻው ይኸው ነው። እዚሁ ፖሊስ የሆነው የእትዬ ቁልፍ ታናሽ ወንድም ወገቡን ሲያመው ብረቶቹን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎ የእህቱን የእንጨት መክተፊያ ደረቱ ላይ ከተተ። ቋ አለ፤ አለፈ። እሷም «ለሳምንት ነው፣ ይዳንልኝ» ብላ ዝም አለች። እኔ ሞኙ በሳቅ ፈርሼ ነበር።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ሰው ከፎቅ ላይ በጠመንጃ እየተኮሰ ነው ተባለ። አዛዡና ዘጠኝ ፖሊሶች መከላከያቸውን እያጠለቁ ሮጡ። እትዬ ቁልፍ ፊቷ አመድ መሰለ።

«መክተፊያዬን ለብሶ ነው የወጣው» አለችኝ።

ወደ ስልኩ ደወለች፤ አያነሳም። የቀረው የመገናኛ ሬዲዮው ነው፤ እሱን ደግሞ ጣቢያው በሙሉ ይሰማዋል። ከተናገረች ሁለቱም ከሥራ መባረራቸው ነው። ከሬዲዮው ተኩስ ሲሰማ መነጋገሪያውን አነሳሁ፤ እሷ ግን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«አዛዥ፣ ወንድሜ ብረት የለውም! እንጨት ነው የለበሰው! አውቄ ነው ዝም ያልኩት፣ ጥፋቱ የኔ ነው። መልሱልኝ!»

ጆሮዬን ሬዲዮው ላይ ለጠፍኩ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

«የታለ? ከደረጃው ውረድ! አሁኑኑ!» አለ አዛዡ።

ቆይቶ የወንድሟ ድምፅ መጣ፦ «ወርጃለሁ እትዬ። ከግድግዳው ጀርባ ነኝ።»

እትዬ ቁልፍ ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔም አብሬያት።

«በሱ ቦታ ብረት የለበሰ አንድ ሰው ወደ ፊት ይውጣ» አለ አዛዡ።

ከዚያ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና «ጌታዬ፣ የኔም ጣውላ ነው» አለ።

«የኔም» አለ ሌላው።

«የኔም።»

እትዬ ቁልፍ ልቅሶዋን አቋርጣ ቀና አለች። በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር፤ ስምንት ላይ ደረስኩ። ከወንድሟ ጋር ዘጠኝ።