የብረቷ ሳንቲም ጠርዝ

አምስተኛ ክፍል እያለሁ፣ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በቤታችን እጅግ የምትከበረው ዕቃ አንዲት የአሜሪካ ሳንቲም ነበረች። አባቴ በጃንሆይ ጊዜ አስመራ ሾፌር ሆኖ ሲሠራ አንድ አሜሪካዊ የሰጠው ነች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መዳብ ለጥይት ስለተፈለገ ከብረት ተሠርታ ዚንክ የተቀባች። ናፍታሊን ናፍታሊን በሚሸት ጥጥ ጠቅልሎ ኮመዲኖ ውስጥ ያስቀምጣት ነበር። እኛ ልጆች እጃችንን ታጥበን እንኳ አንነካትም።

አንድ እሁድ ከሀና ማርያም ቅዳሴ መልስ፣ የድሮ ገንዘብ የሚሰበስቡት ጎረቤታችን ጋሽ ተካ እቤት መጡ። አባቴ ሳንቲሟን መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወደ መስኮቱ ዞሩና ጠርዟን ደጋግመው አዩት።

«እንደገና ተቀብታለች» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው?» አለ አባቴ።

«ይቺ ሳንቲም የምትቆረጠው አስቀድሞ ከተቀባ ብረት ላይ ነው። ስለዚህ ጠርዟ ላይ ባዶው ብረት መታየት አለበት። ያንተ ግን ጠርዟም ያብለጨልጫል። ጽሑፉም ደብዝዟል።»

የአባቴ ፊት ተለዋወጠ። በሩ ላይ የቆምኩትን እኔን እያየ «ሰላም ትሙት! ከእጄ ወጥታ አታውቅም!» ብሎ ማለ።

እናቴ ቆሎ ይዛ እየገባች ነበር። ሳህኑን አስቀመጠችና «በልጅቷ አትማል! እኔ ነኝ ያስቀባኋት» አለች። ባለፈው ክረምት አባቴ ታሞ ሆስፒታል ሳለ ጣሪያው አፍስሶ ኮመዲኖው ውስጥ ውሃ ገብቶ ኖሯል። ሳንቲሟን ዝጋ አገኘቻት። በሕመሙ ላይ ይህን ልትነግረው አልሆነላትም፤ ጋራዥ ውስጥ ብረት በዚንክ ወደሚቀባ ዘመዷ ወሰደቻት።

ጋሽ ተካ ቆሎውን ሳይቀምሱ «ምነው ዝም ባልኩ!» እያሉ ባርኔጣቸውን ፈለጉ። እኔ ጓዳ ገብቼ ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ። በሐሰት ስለማለው አባቴ፣ እንግዳ ፊት ስለተጋለጠችው እናቴ፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያችን። የጋሽ ተካ ልጅ የክፍሌ ልጅ ነበረች፤ ሰኞ ምን ታወራ ይሆን እያልኩ ምሳ አልበላ አለኝ።

አባቴ አልተቆጣም። በማግስቱ መሰላል ተውሶ፣ ሬንጅ ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣ። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መሰላሉን ያዘችለት። «ቀስ በል»፣ «አጥብቀሽ ያዢው» እየተባባሉ ቀዳዳውን ደፈኑ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ የሚያየን መስሎኝ እኔ ትምህርት ቤት እንኳ ሳልሄድ፣ ከቤት ሳልወጣ ዋልኩ።

ዛሬ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው፤ ከላይ ውሃ ሲያፈስ ለሠራተኛ ስልክ መደወል ነው። አባቴም እናቴም የሉም። ምን ነበረበት፣ ያን ቀን ወጥቼ መሰላሉን ከእናቴ ጋር ብይዝ!