ሶርሳ ያሳየው የሙዝ ቪዲዮ

መምህር ሶርሳ ሲፈጥረው መቀመጥ አይሆንለትም። ሶዶ ውስጥ በአንድ የግብርና ኮሌጅ የሰብል በሽታ ያስተምራል፤ ቆሞ ይበላል፣ እየተራመደ ፈተና ያርማል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አመል አወጣ። ኢንተርኔት ቤት እየገባ የሦስትና የአራት ደቂቃ ቪዲዮ በፍላሽ ያወርድና በማግስቱ ክፍል ውስጥ ያሳያል። ተማሪዎቹ ወደዱለት፤ እሱም በሄደበት ሁሉ ይህንኑ ማውራት አበዛ።

አንድ ዓርብ የእንሰት አጠውልግ በሽታን ሊያስተምር ቪዲዮ ቢፈልግ አጣ። የሙዝ ግን ሞልቷል። ዘመዳሞች ናቸው፣ በሽታውም አንድ ነው፣ ምን ቸገረኝ ብሎ አወረደ። ቪዲዮው ላይ ገበሬው የታመመውን ግንድ ብቻ ቆርጦ ይጥልና፣ በያዘው ቢላዋ በአጠገቡ ያለውን ሙዝ ደረቅ ቅጠል ያጸዳል። እንሰት ላይ ይህ አይሠራም፤ የታመመው ከነሥሩ ተነቅሎ ይቀበራል፣ ቢላዋውም በእሳት ሳይለበለብ ጤነኛውን አይነካም። ሶርሳ ይህን ሊናገር ሲል መብራት ጠፋ፣ ክፍሉ ተንጫጫ፣ ሰዓቱም አለቀ። ሰኞ እነግራቸዋለሁ ብሎ ወጣ።

ቤቱ ሲደርስ ክው አለ። ፋንታዬ የምትባለው ከቦምቤ ገጠር የመጣች ተማሪው፣ የእናቷ ጓሮ እንሰት መታመሙን ነግራው ነበር። ቪዲዮውንም በስልኳ ስትቀዳ አይቷታል። ቅዳሜና እሑድን ደግሞ እናቷ ዘንድ ነው የምታሳልፈው። ደጋግሞ ደወለ፤ ስልኳ አይሠራም።

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ሲደርስ የቦምቤው ሚኒባስ ገና ባዶ ነበር። እስኪሞላ አራት ጊዜ ወረደ፣ አራት ጊዜ ወጣ። መንገዱን ሙሉ፣ ገና አልጀመሩም፣ ገና ቁርስ ላይ ናቸው እያለ ራሱን አባበለ።

እናቷ ቤት ሲደርስ ፋንታዬ ከጓሮ ፈገግ ብላ ወጣች።

"ቲቸር፣ ልክ እንዳሳዩን አደረግነው።"

ሦስት የታመሙ እንሰቶች ከአፈር በላይ ተቆርጠዋል። በዙሪያቸው ያሉት ሃያ የሚሆኑ ጤነኞች ቅጠላቸው በዚያው ቢላዋ ተስተካክሏል። ሶርሳ ስህተቱን አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ፋንታዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጅቷን እያየ አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።

እናቷ ወይዘሮ አሳየሽ ቢላዋውን መሬት አስቀምጠው በወላይትኛ ቀስ ብለው ተናገሩ።

"ቪዲዮው ላይ ያለው ሙዝ መሆኑንማ አይቻለሁ። እንሰት እንዲህ እንደማይቆረጥም አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ቆረጡት?"

"የኮሌጅ መምህር እንዲህ ካለ፣ እኔ የማላውቀው ነገር ቢኖር ነው ብዬ።"

ሶርሳ ዶማ ለምኖ ጉቶዎቹን ከነሥራቸው ሲነቅልና ሲቀብር ዋለ። ሃያዎቹ ግን መትረፍ አለመትረፋቸው የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። ማታ ሊሰናበት ሲል፣ በስልኩ ቀርጾ ሰኞ ለክፍሉ እንዲያሳይ ስለ እንሰት የሚያውቁትን እንዲናገሩለት ወይዘሮ አሳየሽን ጠየቃቸው።

"እናገራለሁ" አሉት። "መጀመሪያ ግን ማን እንዳስቆረጠኝ ይነገራቸው።"

ሶርሳ ቅጠላቸው ከተቆረጠው ሃያ እንሰቶች ፊት ቆመና ስልኩን ወደ ራሱ ፊት አዞረ።