አሥራ ሰባተኛዋ እጅ

ሐሙስ፣ ሚያዝያ ዘጠኝ ቀን። የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ መዝገብ፣ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ ተራ ቁጥር ሦስት። «ሐሳቡን የሚደግፉ» ይልና ይቆማል። ቁጥሩ አልተጻፈም። ከሥሩ አሥራ አራት ባዶ መስመሮች አሉ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። ፊደሉ አልተንቀጠቀጠም። እስክሪብቶው ቀለም አልጨረሰም፣ ጸሐፊዋም አልታመመችም። አስቀምጣው ነው።

ጸሐፊዋ እኅቴ ናት። በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች፤ እታለም ነበር የምላት። እኔ የዚያው ምክር ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ወረቀት እንዴት እንደሚጠበቅ ነው። እሷ አሥረኛ ክፍል ላይ ያቆመችው እኔ እንድቀጥል ነው። ይህን አንድም ቀን አንስታው ስለማታውቅ በሌላ ወረቀት ላይ አይገኝም፤ እዚህ አስገብቼዋለሁ።

ሥራዋ ማመልከቻ መጻፍ ነበር። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር አንዲት ተጣጣፊ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማ፣ ከላይ ጃንጥላ። የተበደለ ይመጣል፣ ያለቅሳል፣ ይራገማል። እሷ እስኪወጣለት ታዳምጥና «እሺ፣ አሁን ደግሞ የሆነውን ንገረኝ» ትላለች። ደንበኞቿ በብዛት የገበያ ሴቶች ነበሩ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለምክር ቤት የመረጧትም እነሱ ናቸው። «ብሶታችንን በቃሏ ታውቀዋለች፤ እንደገና ማስረዳት የለብንም» አሉ።

የምክር ቤቱ አባላት አሥራ ሰባት ናቸው። በመጀመሪያው ስብሰባ ሰብሳቢው ጽሕፈቷን አየና «እጅሽ ወርቅ ነው፤ ቃለ ጉባኤውን አንቺ ያዢልን» አላት። ክብር መስሏት ተቀበለች።

ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው። ሰብሳቢው «የሚደግፉ» ይላል፤ ከጎኑ የሚቀመጠው ባለ ወፍጮ የወጣውን እጅ ቆጥሮ ይናገራል፤ ጸሐፊዋ ትጽፋለች። «የሚቃወሙ» ሲባልም እንደዚያው። የጸሐፊዋ እጅ መዝገቡ ላይ ነው። እሷ አትቆጠር ብሎ የወሰነ ሰው የለም። የሚከለክል ደንብም የለም፤ ፈልጌያለሁ። ባለ ወፍጮው የሚቆጥረው ወደ ላይ የወጣውን እጅ ነው፣ በቃ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለት ጊዜ «እኔም አለሁበት» ብላ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ቁጥሩ ተነግሮ አልቋል ተባለች። ጸሐፊ የተባለውን ነውና የሚጽፈው፣ የተባለውን ጻፈች።

ነገሩ የከረረው በክር ሻጯ ምክንያት ነው። ባሏ በሞተ በሳምንቱ የባሏ ወንድም መጥቶ የሱቁን ቁልፍ ቀየረ። የንግድ ፈቃዱ በሟች ስም ነበር፤ በዚያ ገበያ ደግሞ ፈቃድ ከወንድ ወደ ወንድ ነው የሚዞረው። ሃያ ዓመት ሙሉ ክር የሸጠችው ግን እሷ ናት። ክር ሻጯ በእታለም ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ፣ «ስሚ እንጂ እኅቴ፣ ያ ሰውዬኮ መርፌና ወስፌ አይለይም! ትናንት ጥቁር ክር ያለችውን ደንበኛዬን ቡናማ ሸጠላት» ብላ ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ አለቀሰች።

እታለም ማመልከቻውን ጻፈችላት። ከዚያ ለምክር ቤቱ ሐሳብ አቀረበች፤ ባል ሲሞት ፈቃዱ በሚስት ስም ይዙር የሚል። ድምፅ ተሰጠ፤ ስምንት ለስምንት። እኩል ሲመጣ ሰብሳቢው ያለበት ወገን ይረታል፤ ሰብሳቢው ከተቃወሙት ነበርና ሐሳቡ ወደቀ። ውጤቱን በዚያ ባማረ እጇ የጻፈችው እሷ ናት። ዘጠነኛው ደጋፊም እሷ ነበረች።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮዬ መጣች።

«አንተ፣ ስምንትና ስምንት ስንት ነው?»

«አሥራ ስድስት።»

«እኛስ ስንት ነን?»

ዳቦዬን እያኘክሁ ነበር። «እታለም፣ ቅሬታ ካለሽ በጽሑፍ አቅርቢ» አልኳት። ቃል በቃል ያልኩት ይህንን ነው።

«ለእኔ ነው በጽሑፍ አቅርቢ የምትለው? ፊደል ላስቆጠርኩህ?» ብላ ሳቀች። «እውነትም በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። እኔማ እንደ መዳብም አልተቆጠርኩ።»

የወደቀ ሐሳብ ተመልሶ የሚቀርበው ዓመት ሲሞላው ነው። ጠበቀች። ሚያዝያ ዘጠኝ ቀን እንደገና ቀረበ። የዚያን ቀን የሆነውን የነገረኝ ከጎኗ ይቀመጥ የነበረው አባል፣ መምህሩ ነው።

ሰብሳቢው «የሚደግፉ» አለ። እሷ ቃሉን ጻፈች፣ እስክሪብቶዋን መዝገቡ ላይ አጋደመችና እጇን አወጣች። ባለ ወፍጮው ስምንት ብሎ አቆመ።

«ዘጠኝ» አለች።

«ጸሐፊዋ፣ እጅሽን አውርጂና ጻፊ» አላት ሰብሳቢው።

«ይቆጠርልኝና እጽፋለሁ፣ ጋሼ።»

«አንቺ እጅ ካወጣሽ ማን ሊጽፍ ነው?»

«ባለ ወፍጮው ይጻፋ።»

ከኋላ አንዱ «እሱ? ለመፈረም እንኳ ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ሰው!» አለና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለ ወፍጮውም ሳቀ። እሷ እጇን አላወረደችም። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ፤ «ለሚቀጥለው ይደር» ብሎ ተነሣ። ሰዉ እየወጣ ሳለ እጇ ገና እላይ ነበር አለኝ መምህሩ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ አሥራ ሦስት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መስኮቴ ፊት ቆመች። ማመልከቻ ከነአባሪው፣ በሁለት ቅጂ። ገቢ ማኅተም መታሁበት። ቁጥሩ አራት መቶ አሥራ ሰባት ነው።

«አንብበው እንጂ።»

«በተራው ይነበባል።»

«እሺ ጌታዬ» አለች። ሄዳ ተመለሰችና፣ «ጫማ ሰፊው ጫማህ ተሠርቶ አልቋል ብሎኛል። ላምጣልህ?» አለችኝ።

«አምጪልኝ።»

በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ተገኘች። ደም ግፊት ነው ተባለ። ስድሳ አልሞላትም። ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት ፋይል ያደረግሁት እኔ ነኝ።

በአራተኛው ቀን ሥራ ገብቼ ማመልከቻውን በተራው አነበብኩት። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ጸሐፊ የሆነ አባል ድምፁ ይቆጠር። አባሪው የአሥራ አንድ ዓመት ዝርዝር ነው፤ ስድሳ ሦስት ድምፅ የተሰጠባቸው ጉዳዮች፣ ከነገጻቸው። መዝገቦቹን ከመደርደሪያ አውርጄ አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ስህተት የለውም። ሁሉም አባላት በተገኙበት ቀን ድምሩ አሥራ ስድስት ነው፤ አንድ ሰው በቀረበት ቀን አሥራ አምስት። ሁልጊዜ አንድ ይጎድላል። እነዚያን መዝገቦች በየዓመቱ የተረከብኩት እኔ ነኝ፤ ገጽ ቆጥሬ፣ ማኅተም አይቼ፣ ፊርማ አመሳክሬ። ደምሬ ግን አላውቅም። መደመር በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ የለም።

ግንቦት ሰባት ቀን ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። ጸሐፊነቱ ለመምህሩ ተሰጠ። ያደረው ጉዳይ ቀረበ። ሰብሳቢው «የሚደግፉ» ሲል መምህሩ ቃሉን ጻፈ፣ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰካና እጁን አወጣ። ባለ ወፍጮው ቆጠረው። ማንም ምንም አላለም። ይህንንም የነገረኝ ራሱ መምህሩ ነው፤ ሲነግረኝ ወደ መሬት ያይ ነበር።

ስምንት ለስምንት። ሐሳቡ ወደቀ። የዘንድሮው ድምር አሥራ ስድስት ነው፤ የአምናውም አሥራ ስድስት። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን የሚያይ ሰው በመካከሉ አንድ አባል መሞቷን አያውቅም።

ከስብሰባው በኋላ ሰብሳቢው መስኮቴ ድረስ መጣ። ነፍስ ይማር አለኝ። ቀጥሎም፣ «ያቺን ማመልከቻ ዝጋት። አመልካቿ አርፋለች።»

«ማመልከቻ የሚዘጋው መልስ ሲሰጥበት ነው።»

«ለማን ነው የሚሰጠው?»

«ለቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት።»

«አንተም እንደ እኅትህ» ብሎ ሄደ። በየወሩ መጨረሻ መልስ ያላገኙ ማመልከቻዎችን ዝርዝር እልክለታለሁ፤ ይህኛው በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ አለ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለችው እሷ ናት።

ለተጓደለው ወንበር ክር ሻጯ ልትወዳደር ተመዝግባለች። ቅጹን በገዛ እጇ ሞልታ ያስገባችው ለእኔ ነው። ጽሕፈቷ ለዓይን ያስጠላል፤ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ሁለት ጊዜ አየሁት። ይህችን ሴት ማንም «ቃለ ጉባኤ ያዢልን» አይላትም።

የቀረው የሰኞው ጉዳይ ነው። እታለም ከመስኮቴ እንደሄደች በቀጥታ ጫማ ሰፊው ጋ ነው የሄደችው። ስፌቱን በጥፍሯ ሞከረች፤ የግራው ተረከዝ ስላላማራት እንደገና አስመታችው፤ እስኪደርቅ ቆማ ጠበቀች። ጫማ ሰፊው «የወንድምሽ እግር ነው ወይስ ያንቺ? እንዲህ የምትነዘንዥኝ» አላት። «ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ስለሚውል ጫማው ሳያልቅ እሱ ያልቃል ብዬ ነው» አለችው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጫማውን በጋዜጣ ጠቅልላ የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ደረሰች። ምሳ ወጥቻለሁ ተባለች። ከጋዜጣው ጠርዝ ቁራጭ ቀዳ «መጀመሪያ ቤት ውስጥ ሁለት ቀን ሂድበት» ብላ ጻፈች፣ በግራው ጫማ ውስጥ ከተተችው፣ ጫማውን ለዘበኛው አስረከበች።