ፒክአፑን በክር ብለካ መተተኛ ተባልኩ

«ውጣ! መኪናዬ ሥር ምን እየደገምክ ነው?»

ዛሬ ቢቸና ገበያ ዳር ሾፌሩ እግሬን ይዞ ከአሮጌው አሜሪካ ሠራሽ ፒክአፕ ሥር ጎትቶ አወጣኝ።

እኔ እቴ፣ ቁርጥ መኪናውን የመሰለ ትንሽ መጫወቻ ፒክአፕ ከጣሳ ልሠራ ብዬ ነው የምለካው። ልኩን በክር ቋጥሬ፣ በየቋጠሮው የመኪናውን ክፍል ስም የጻፍኩበት ወረቀት አስሬበታለሁ። የማታ ትምህርት በከንቱ አልገባሁም!

«ጋሼ፣ መተት አይደለም፤ ላንብብልዎት» አልኩና ጀመርኩ። «ጎማ... በር... ፍሬን...»

«ፍሬኔም አለበት?!»

ክሮቹን ነጥቆ፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሞጣ ሄጄ ለቄስ አሳያለሁ ብሎ መኪናውን አስነሣ። ያለ ክሮቹ ደግሞ ሥራዬ አፈር በላ።

ግን እኔም ጠረጠርኩ። መተት የፈራ ሰው መተቱን አጣጥፎ ኪሱ ይከታል?

ሞጣ ያላችሁ፣ ሰውዬው በእኔ ልክ መጫወቻ ሊሠራ ጣሳ ሲገዛ ካያችሁ ንገሩኝ። ደግሞስ ሥራ ላይ ሳለ መተተኛ የተባለ እኔ ብቻ ነኝ?