የተሰረዘው ድላችን

ነርስነት የተማርኩበት ኮሌጅ ቀራንዮ ነበር። የራሱ ሜዳ ስላልነበረው የሴቶች እግር ኳስ ቡድናችን የሚለማመደው ኮልፌ፣ የሰፈር ልጆች በሚጫወቱበት አቧራማ ሜዳ ላይ ነው። ክፍል እንዳለቀ ጋውናችንን ቦርሳ ውስጥ ጠቅጥቀን፣ ወንዶቹ ሜዳውን ሳይቀድሙን ለመድረስ ታክሲ እንጋፋለን።

ቡድኑን ያቋቋመችው አምበላችን ናት። በየክፍሉ እየዞረች፣ እኔን ጨምሮ ኳስ ነክተን የማናውቀውን ሁሉ ለምና ሰበሰበችን። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስለነበረች፣ ያ የኮሌጆች ውድድር ለእሷ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ነበር። እናቷ ኮልፌ ገበያ የፕላስቲክ ዕቃ ይሸጣሉ። ሴት ልጅ ቁምጣ ለብሳ ኳስ ስትራገጥ ማየት አይፈልጉም ነበር፤ ልጃቸው ስትለምናቸው ከርማ፣ ከምድባችን ጠንካራ ከሚባለው ኮሌጅ ጋር በተጫወትን ዕለት ሱቃቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው መጡ።

ያን ቀን አንድ ለዜሮ አሸነፍን። ጎሏን ያገባችው አምበላችን ናት፤ ከማዕዘን የተሻማውን ኳስ በግንባሯ ገጭታ። ዞር ስል እናቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ መለየት አቃተኝ። ጨዋታው ሲያልቅ ሜዳ ውስጥ ገብተው የልጃቸውን ፊት በነጠላቸው ጠረጉላት።

ከየምድቡ የሚያልፈው አንድ ቡድን ብቻ ነበር። ጨዋታዎቻችንን ስንጨርስ፣ እንደኛው ጨርሶ ከሚከተለን ኮሌጅ በአንድ ነጥብ እንበልጣለን። ጠንካራው ቡድን አንድ ጨዋታ ቢቀረውም፣ ቢያሸንፍ እንኳ አይደርስብንም። አልፈናል ብለን ቤቴል አንድ ካፌ ውስጥ ኬክ ቆረስን።

ከዚያ ያ ጠንካራ ቡድን ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ማለፍ እንደማይችሉ አውቀዋል፣ ፈተናም ደርሶባቸዋል፤ የቀረችው ጨዋታ ለምን ታድክማቸው? ደንቡ ግን አንድ ቡድን አቋርጦ ከወጣ የተጫወታቸው ጨዋታዎች በሙሉ ይሰረዛሉ ይላል። እኛ እነሱን አሸንፈን ያገኘነው ሦስት ነጥብ ተሰረዘ። ከእኛ በታች የነበረው ኮሌጅ ደግሞ በእነሱ ተሸንፎ ስለነበር ምንም አልተቀነሰበትም። በእኛ ቦታ እሱ አለፈ።

አሰልጣኛችን፣ አምበላችንና እኔ አቤት ለማለት ወደ አወዳዳሪዎቹ ሄድን። ያነጋገሩን ሰውዬ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጥተው በትዕግስት አዳመጡን። ደንቡ ለሁሉም ቡድን አንድ ነው አሉ።

አምበላችን ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ጋሼ፣ ከእኛ የወሰዳችሁት ድላችንን ነው» አለቻቸው። «በእኛ ቦታ ካለፉት የወሰዳችሁት ሽንፈታቸውን ነው። ይኼ እንዴት አንድ ይሆናል?»

ሰውዬው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ልክ ነሽ ልጄ» አሉ። «ግን ደንቡ የወጣው ከውድድሩ በፊት ነው። ዛሬ ለእናንተ ብዬ ባጥፈው፣ ነገ ለሌላው ምን እመልሳለሁ?»

ቢቆጡን ይሻለን ነበር። የምንጣላው ሰው አጥተን ወጣን።

እናቷን ገበያ ሄደን የነገርናቸው እኔና አምበላችን አብረን ነው። ነጥብ፣ ምድብ፣ ስረዛ የሚለውን እየተቀባበልን አስረዳናቸው። ሰምተውን ሲያበቁ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ ያገባችውን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ። «አልገባም ነው የሚሉት?»

ገብቷል፣ ግን አይቆጠርም አልኳቸው። ልጃቸው ፊቷን አዙራ የተደረደሩትን ባልዲዎች እንደገና መደርደር ጀመረች። እናቷ አላባበሏትም፤ አጠገቧ ቆመው አብረዋት ደረደሩ።

በእኛ ቦታ ያለፈው ቡድን የሚጫወት ዕለት እንሂድና እንይ ያለችው እሷ ናት። እኔ አልፈለግኩም፤ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ሄድኩ። ልጆቹ በሰፊው ተሸነፉ። ሲወጡ ተነስታ አጨበጨበችላቸው። ከመካከላቸው አንዷ አወቀችንና መጥታ አቀፈቻት። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጥላ እስከ ኮልፌ ድረስ አለቀሰች። እጇን ያዝኳት።

እሷ ተመረቀች። በዓመቱ ቡድኑን የሚሰበስብ ሰው ጠፋና ተበተንን።

በቅርቡ ልጄን ለማስከተብ ቤቴል አንድ ክሊኒክ ብወስዳት መርፌውን ይዛ የመጣችው እሷ ሆነች። ተቃቀፍን፤ ስለ እናቷ ጤና ጠየቅኳት። ልጄን እያባበለች ወጋቻት፤ እጇ ቀላል ነው። ከዚያ፣ አንዳንዴ ትጫወቺያለሽ ወይ አልኳት።

«ከዚያ ወዲያ ሜዳ ረግጬ አላውቅም» አለችኝ፤ የልጄ ክንድ ላይ ጥጡን ይዛ፣ ቀና ሳትል።

በሩ ላይ ሌላ እናት ጨቅላዋን ታቅፋ ቆማ ስለነበር፣ ልጄን ተቀብያት ወጣሁ።