ለቪዛ የተላኩ ሽማግሌዎች

ዛሬ ጠዋት ልጄ ከዱባይ ደወለች። ነርስ ናት፣ እንደ እናቷ። የመኖሪያ ፈቃዷን አናድስም ብለዋታል፤ በዚሁ ከጸና ሥራዋን ትታ መመለሷ ነው። «ሽማግሌ ላኪባቸዋ» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። እኛ ግን አንድ ጊዜ ይህንኑ አድርገናል።

ያኔ ደባርቅ ላይ ጀማሪ ነርስ ነበርኩ። ፕራካሽ የሚባል ከኔፓል የመጣ የዓይን ሐኪም ነበረን። ብርዱን ከእኛ በላይ ችሎት፣ ቅቅል ድንቹን በሚጥሚጣ እየበላ፣ የዓይን ሞራ ሲገፍ ይውላል። መጀመሪያ አንዱን ዓይን ይሠራል፤ ሁለተኛውን ከወራት በኋላ። አባ ክንፈ የሚባሉ የዳባት ቄስ ቀኝ ዓይናቸው በርቶላቸው የግራውን ተራ ሲጠብቁ፣ የሐኪሙ የሥራ ቪዛ አለቀ። ይታደስ ቢባል ተከለከለ። ይህን ስነግራቸው ስለ ሕጉ አንድም ነገር አልጠየቁኝም።

«ከልካዩ ሰው አይደለም እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ሁለት ሽማግሌ ጨምረው፣ ሐኪሙንና እኔን አስከትለው ወደ አዲስ አበባ ተነሡ። ክረምት ነበር። አምባ ጊዮርጊስ ላይ አውቶቡሱን ጭቃ ያዘውና ዝናቡ እየወረደብን ቆሎ ስንቆረጥም ዋልን። በሆዴ፣ ምን ነክቶኝ ነው እነዚህን ሰዎች የተከተልኩት እላለሁ። ፕራካሽ ሽማግሌዎቹ ለምን አብረውት እንደሚሄዱ ጠየቀኝ። ሽምግልናን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ቢያቅተኝ፣ ሚስት ሊጠይቁልህ ነው አልኩት። እስከ ጎንደር ሳቀ።

አዲስ አበባ፣ የኢሚግሬሽን ቢሮው ኃላፊ ባለ ጋቢዎቹን ሲያይ ከወንበሩ ብድግ አለ። ተቀመጡ አባቶቼ ቢላቸው እምቢ አሉ። ወጉ ነዋ! ልጅ ሲጠየቅም፣ ደም ሲታረቅም፣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም።

«አንዱን ዓይኔን አበራልኝ፣ አንዱ ቀረ» አሉ አባ ክንፈ። «እባክህ ይህን ልጅ ተውልን።»

ኃላፊው መመሪያውን አስረዳ፤ ሐኪሙ ከአገር ወጥቶ እንደገና ማመልከት አለበት፣ እሱ ሊለውጠው አይችልም። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ቀሩ። እሱም እነሱ ቆመው መቀመጥ ነውር ሆኖበት ቆመ። ፕራካሽ ጥግ ይዞ መሬት መሬት ያያል። ባለጉዳይ በሩ ላይ ተከማቸ፤ ስልኩ ቢጮኽ የሚያነሳው ጠፋ። በመጨረሻ የሰውዬው ዓይን እንባ አቀረረ።

«በእጄ ቢሆን እናንተን እምቢ እል ነበር፣ አባቴ?»

አባ ክንፈ በሚያየው ዓይናቸው አተኩረው አዩት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ደክሞሃል፤ አንተም ተቀመጥ» አሉት። ያለቀስኩት ያኔ ነው።

ፕራካሽ ከዚያው ወደ አገሩ በረረ፣ አልተመለሰም። አባ ክንፈን ጎንደር ሄደው ያሠሩት ብላቸው፣ የጀመረው ይጨርሰው እያሉ በአንድ ዓይን ሲቀድሱ ኖረው አረፉ።

ከሰዓት ልጄ መልሳ ደወለች። ለመሆኑ ከልካይሽ ማነው፣ ቢሮው የት ነው አልኳት።

«ሰው የለም እኮ፣ እማ። ቅጹን በስልክ ትሞያለሽ፤ ቀይ ጽሑፍ ይመጣል፣ በቃ።»

ያ ሰውዬ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እምቢ ቢለንም፣ ብድግ ብሎልን ነበር።